የተረፈ የውኃ ቧንቧ ለመኪና ፖርቶመጋላ ይሆናል?

ጥያቄው ይኼ ነው፦ «ጋሼ፣ የድሮ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ቤት ስንሠራ የተረፈ ባለ 3/4 ኢንች ጋልቫናይዝድ የውኃ ቧንቧ ስድስት ቤርጋ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። በእሱ ለጣሪያው ፖርቶመጋላ፣ ለካሶኒው ደግሞ መኪናው ቢገለበጥ የሚያድን ሮል ባር ልሠራ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ባለ 200 አምፔር ኢንቨርተር ብየዳ ያውሰኛል። ቧንቧውን አሸዋ ሞልተህ፣ በእሳት አግለህ እጠፈው ብለውኛል። ጭሱንም ወተት ከጠጣህበት ምንም አይልህም ይላሉ። እዚያው መኪናው ላይ እየለካሁ ብበይደው ይሻላል ወይስ አውርጄ? ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ብየዳ ቤት እውል ስለነበር እጄ ለሥራው አዲስ አይደለም።»

ፖርቶመጋላውን በቱቦላሬ ሥራ። ሮል ባሩን ተወው። ቧንቧውን ወይ ሽጠው ወይ ልብስ ማስጫ አድርገው። መልሱ ይኼው ነው፤ ቀሪው ምክንያቱ ነው።

ከቧንቧው እንጀምር። ሦስት ሩብ ኢንች 19 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አሁን ካሊፐር አምጣና ለካው። ከውጭ 27 ሚሊ አካባቢ፣ ከውስጥ 21 ወይም 22 ታገኛለህ። 19 የትም የለም። የውኃ ቧንቧ ስም ከድሮ የመጣ መጠሪያ ነው፤ ልኬት አይደለም። ለቤት ዕቃና ለመኪና ሥራ የሚሸጠው ክብ ቱቦላሬ ግን የሚጠራው በውጭ ስፋቱና በግድግዳው ውፍረት ነው። «25 በ2» ከተባለ ከውጭ 25 ሚሊ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ነው። ይኼ የስም ጨዋታ ሊመስልህ ይችላል። ግን ለ25 ሚሊ የተሠራ የማጠፊያ ቅርጽ 27 ሚሊውን አይቀበልም። ለቧንቧ በተሠራው ላይ ደግሞ 25ቱ ይዋልላል፤ የሚዋልል ብረት ሲታጠፍ ጎኑ ተደፍጥጦ ይወጣል። «ማሽኑ አበላሸብኝ» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ጋ የማገኘው ጥፋት ይኼ ነው።

ክብደቱም አለ። የአንተ ዓይነቱ ቧንቧ ግድግዳው 2.6 ሚሊ ከሆነ በሜትር 1.56 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 25 በ2 ቱቦላሬ 1.13 ኪሎ ነው። ፖርቶመጋላው 20 ሜትር ብረት ቢፈጅ አንዱ 31 ኪሎ፣ ሌላው 23 ኪሎ መሆኑ ነው። የመኪና ጣሪያ የሚሸከመው ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። ብዙ መኪኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ተፈቅዶላቸዋል፤ ፖርቶመጋላውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ፈልግና ቁጥሩን እይ። 75 ካለ፣ በውኃ ቧንቧ ሠርተህ የሚተርፍህ 44 ኪሎ ነው። አንድ ጆንያ ሲሚንቶ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ማጠፉ። ክብ ብረት ሲታጠፍ የውጭው ጀርባ ይለጠጥና ይሳሳል። የውስጡ ሆድ ይጨመቅና መሄጃ ሲያጣ ይጨማደዳል። ግራና ቀኙ ወደ ውጭ ይገፋና ክቡ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ሦስቱንም የሚወስነው የመታጠፊያው ራዲየስ ነው። በቧንቧው መሐል መስመር ሲለካ ከውጭ ስፋቱ ሦስት እጥፍ በታች አትውረድ፤ ለ25 ሚሊ 75 ማለት ነው። በዚህ ልክ እንኳ የውጭው ጀርባ 17 በመቶ ግድም ይለጠጣል። አራት እጥፍ፣ 100 ሚሊ ብታደርገው ወደ 12 ተኩል ይወርዳል። ለጀማሪ እጅ እሱን እመርጣለሁ። ለዓይን ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ሥራው ያምራል።

ቱቦላሬ ከላሜራ ተጠቅልሎ በርዝመቱ የተበየደ ነው። ያን የብየዳ መስመር በጣትህ ወይም ውስጡን በባትሪ አይተህ ታገኘዋለህ። ስታጥፍ መስመሩ ጎን ላይ ይዋል። በጀርባው ካደረግከው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በሆዱ ካደረግከው ይጨማደዳል። ብረት ከታጠፈ በኋላ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስም ትንሽ አሳልፈህ ማጠፍ አለብህ። ምን ያህል እንደሚመለስ የምታውቀው ከዚያው ብረት ቁራጭ ላይ ሞክረህ ነው። መጀመሪያ ግን ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ወስደህ የምትፈልገውን ቅርጽ በእጅህ ሥራ፤ መኪናው ላይ አስቀምጠህ አስተካክል፤ ከዚያ ቱቦላሬውን ከእሱ ጋ እያስተያየህ እጠፍ። ፌሮ ብታበላሽ አትከስርም።

በሁለት ድጋፍ መካከል በጃክ የሚገፋው ሃይድሮሊክ ማጠፊያ ለወፍራም የውኃ ቧንቧ የተሠራ ነው። ቀጭን ቱቦላሬ ስታስገባበት መሐሉን ይደፈጥጠዋል። አንተ የምትፈልገው ብረቱን ልኩ በሆነ ቅርጽ ዙሪያ እየጎተተ የሚያጥፈውን ነው። ለአራት ጥግ ብለህ ማሽን አትግዛ። አዲስ አበባ ከሆንክ ምናለሽ ተራ፣ ካልሆነም ሰፈርህ በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ሄደህ በሒሳብ አሳጥፍ። ፌሮውን ይዘህ ሂድ። «ልክ እንደዚህ» ብለህ ስታሳይ ክርክር የለም።

አሸዋው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩህ። አሸዋ የሚሞላው ሆዱ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ነው። ለዚያ ደግሞ ጢቅ ብሎ መጠቅጠቅ አለበት። ላላ ያለ አሸዋ ከባዶው አይሻልም። ያልነገሩህ አደጋው ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነና ጫፍና ጫፉን በእንጨት ደፍነህ ካጋልከው፣ ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ጊዜ ያህል ቦታ ይፈልጋል። እንጨቱ እንደ ጥይት ይወጣል፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው ዕድሉ ነው። አሸዋውን በብረት ምጣድ ቆልተው ካላደረቁትና አንደኛው መድፈኛ ላይ መተንፈሻ ካልበሱ ቧንቧው እሳት ጋ መጠጋት የለበትም። ለአንተ ሥራ ግን ማጋል ጨርሶ አያስፈልግህም። 25 ሚሊ ስስ ብረት በቀዝቃዛው ይታጠፋል። ከአሸዋ ጋ እሳት የሚያስፈልገው ወፍራም ብረትን በጠባብ ራዲየስ ለማጠፍ ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልበልህ። መንገድ ላይ ካየኋቸው ጠንካራ ፖርቶመጋላዎች ብዙዎቹ አንድም የታጠፈ ብረት የላቸውም። አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ፣ ጥጉ ላይ የሦስት ማዕዘን ላሜራ ተጨምሮበት የተበየደ ነው። ማጠፍ ለመልክ ነው። መልክ አያስፈልግም አላልኩም፤ ግን ካላማረህ አይቅርብኝ አትበል።

የጋልቫናይዝዱ ጉዳይ ብቻውን ቧንቧውን ለማስጣል ይበቃል። ጋልቫናይዝድ ማለት ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ በ907 ይፈላል። ብረቱ ራሱ የሚቀልጠው ግን በ1,500 አካባቢ ነው። ብረቱ እስኪቀልጥ ዚንኩ ተንኖ፣ ነጭ ጭስ ሆኖ አፍንጫህ ገብቷል ማለት ነው። ይኼን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በር የሌለው ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የጋልቫናይዝድ አጥር ስበይድ ዋልኩ። አሠሪው ግማሽ ሊትር ወተት ገዝቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ማታ አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ጠማኝ፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ብሎኝ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። እናቴ ወባ ነው ብላ ነበር። በማግስቱ ወደ ማታ ለቀቀኝ። የብረት ጭስ ትኩሳት የሚባለው ይኼ ነው። ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ሐኪም ቤት ነው።

ወተቱ ምንም አላደረገልኝም፣ ለማንም አያደርግም። ወተት ሆድ ይገባል፤ ጭስ ሳንባ ይገባል። መንገዳቸው አይገናኝም። የጨርቅና የሐኪም ማስክም ይኼን ጭስ አያስቀርም። ለብረት ጭስ የተሠራ፣ ማጣሪያ ያለውና ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ነው የሚያስቀረው። ዚንኩን በግራይንደር ፍቄ ብበይደውስ ትል ይሆናል። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መፋቅ ይቻላል፤ የቧንቧው ውስጥ ግን ግራይንደር አይደርስበትም፣ እዚያም ዚንክ አለ። ስንት መገጣጠሚያ ልትፍቅ ነው? ዚንክ ያልተቀባውን፣ ጥቁር የሚባለውን ቱቦላሬ ግዛ።

ጥቁሩም ቢሆን ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይት ተቀብቷል፤ መጠረግ አለበት። እዚህ ጋ አንድ ነገር በጣም ልብ በል። በቆርቆሮ የሚሸጥ የፍሬን ማጠቢያ ስፕሬይ ነፍተህ አትበይድ። አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው። እሱ ከብየዳው ሙቀትና ብርሃን ጋ ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይፈጥራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ለመፍጀት የተጠቀሙበት ጋዝ ነው። በትንሹ ይበቃል። በሳሙና ውኃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው።

ለብየዳው ባለ 2 ሚሊ ግድግዳ የመረጥኩልህ ያለ ምክንያት አይደለም። 1.5 ቀለል ይላል፣ ግን ልምድ የሌለው እጅ በኤሌክትሮድ ይበሳዋል። የ6013 ዓይነት፣ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ውሰድ። ከ60 እስከ 75 አምፔር መካከል ቁራጭ ላይ እየሞከርክ ልኩን አግኝ። ባለ 200 አምፔር ማሽን ስላለህ 200 አያስፈልግህም። «7018 ይበልጥ ጠንካራ ነው» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ግን 7018 እርጥበት አይወድም። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ በሙቅ ምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ ኤሌክትሮድ ነው። አልጋ ሥር የከረመ 7018 ከደረቀ 6013 አይሻልም።

ክብ ብረት ከክብ ብረት ጋ ሲገናኝ ጫፉ በቀጥታ ተቆርጦ አይቀመጥም። እንደ ኮርቻ ተቀርጾ በሌላኛው ጀርባ ላይ ልክ መቀመጥ አለበት። በግራይንደርና በግማሽ ክብ ሞረድ ይሠራል፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ተኩል ከበለጠ እንደገና ሞርደው። ክፍተትን በኤሌክትሮድ መሙላት ብየዳ አይደለም፣ ልስን ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ያዝ። ወለል ላይ አጋድመህ ከጥግ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ለካ። እኩል ከሆኑ ነው ሙሉውን የምትበይደው፤ አንዱን ጥግ ጨርሰህ ወደ ተቃራኒው እየዘለልክ። በተርታ ከሄድክ ሙቀቱ ፍሬሙን ያጣምመዋል።

ሁለቱንም ጫፍ ደፍነህ የምትበይደው ቱቦ ካለ ደግሞ፣ ከመድፈንህ በፊት ከሥሩ ባለ 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ። ውስጡ የታሰረው አየር ሲሞቅ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ስትዘጋ የቀለጠውን ብረት ፊትህ ላይ ይተፋዋል። በኋላም ውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ በዚያው ይወጣል። ነዳጅ ወይም የማይታወቅ ፈሳሽ የነበረበት አሮጌ ቧንቧ ግን ቀዳዳም ቢኖረው አትንካው።

መኪናው ላይ አትበይድ። ላለመበየድ ጥሩ ምክንያቶች አሉህ። የብየዳው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ገመዱ ሲመለስ አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ ኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል፤ በዲናሞ ወይም በኮምፒዩተሩ በኩል ካለፈም ወጪውን አትጠይቀኝ። ከጣሪያው ላሜራ በታች ደግሞ ጨርቅና ስፖንጅ አለ። ብልጭታ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊነድ ይችላል። ፌሮውን ሞዴል አድርገህ መሬት ላይ ሥራው፣ ከዚያ በቡሎንና በመቆንጠጫ ጣሪያው ጠርዝ ላይ እሰረው። በመቆንጠጫውና በቀለሙ መካከል ጎማ አድርግ። አንድ ቀን የግድ መኪና ላይ መበየድ ከመጣብህ የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ንቀል። የመሬት ገመዱን መቆንጠጫ ቀለሙን ፍቀህ ከምትበይድበት አንድ ስንዝር አጠገብ ያዝ። የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አቁም፣ ከጨረስክ በኋላም አንድ ሰዓት ከመኪናው አትራቅ።

ስለ ሮል ባሩ የማልለሳለስበት ምክንያት ሰው ስለሚያምነው ነው። ፖርቶመጋላ ቢሰበር ሻንጣ ይወድቃል። ሮል ባር የሚፈተነው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ካልሠራ ሰው ይሞታል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ፊያ፣ ለውድድር መኪና ዋናው ባር ስፌት (በርዝመቱ የብየዳ መስመር) የሌለው፣ በቀዝቃዛው የተሳበ የካርቦን ብረት እንዲሆን ያዛል። ልኩ ቢያንስ 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊ ነው። መታጠፍ ያለበት በቀዝቃዛው ብቻ፣ ራዲየሱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ነው። የአንተ ቧንቧ 27 ሚሊ ነው፣ ስፌት አለው፣ በእሳት ልታጥፈው ነበር። በአንዱም አያልፍም። በዚያ ላይ ፒካፕ ላይ ካሶኒውና ጋቢናው ሻንሲው ላይ ለየብቻ የታሰሩ ናቸው። በካሶኒው ስስ ላሜራ ላይ በቡሎን የቆመ ባር መኪናው ሲገለበጥ ላሜራውን ቀዶ ይተኛል። ለጌጥ ካሰኘህ ለጌጥ አቁመው። ግን ካሶኒ ላይ ለሚሳፈረው ሰው «ያዝ፣ ይኼ ያድንሃል» አትበለው። መሪና ፍሬን የሚነካ ብረትም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ቤት አይበየድም።

ስለ ራስህ። ሰፈር ውስጥ በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው አይተህ ይሆናል፤ ዓይኑን አላየህለትም። ቁጥር 10 ወይም 11 የጥቁረት መስታወት ያለው ማስክ አድርግ። ብርሃኑ ዓይንን የሚያቃጥለው ሳታውቀው ነው። ከስድስት እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ሌሊት አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይቆረቁርሃል። ልጆችና ጎረቤት እንዳያዩት ጆንያም ቢሆን ጋርድ። ልብስህ ጥጥ ይሁን፣ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። እጅጌህን አውርድ፣ ጫማህ የተዘጋ ይሁን፣ እርጥብ መሬት ላይ አትቁም። ግራይንደሩ ላይ ያለውን መከላከያ ደግሞ «ትልቅ ዲስክ ላስገባ» ብለህ አትፍታ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ትልቁ የ230 ሚሊ ዲስክ ግን የሚችለው 6,600 ብቻ ነው። ሲፈነዳ አታየውም።

ሲያልቅ ጥቁር ቀለም እንዳትቀባው። አንቲረስቱ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ቀባ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ኮሮኮንች መንገድ ላይ ፖርቶመጋላ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ብየዳው መሐል ላይ ሳይሆን የብየዳው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ብረቱ በሙቀት ተለውጧል፣ ንዝረቱም የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ስንጥቁ መጀመሪያ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ጥቁር ላይ አይታይም፤ ነጭ ላይ ዝገቱ ቡናማ መስመር ሆኖ ይወጣል። 30 ኪሎ ያህል ጭነህ 20 ኪሎ ሜትር ኮሮኮንች ንዳና ወርደህ እያንዳንዱን ጥግ ተመልከት። ቡሎኖቹንም አጥብቅ፣ መላላታቸው አይቀርም። ቡናማ መስመር ካየህ ከላዩ ላይ ደርበህ እንዳትበይድ። እስከ ሥሩ በግራይንደር ክፈተው፣ እንደገና በይደው፣ ጥጉ ላይም የሦስት ማዕዘን ላሜራ ጨምርበት።